በጅማ የግል አስጠኚ ከመቅጠር በፊት፦ የቀለምና የሙያ ትምህርት አማራጮች ሲመዘኑ

በጅማ ለልጁ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ የሚቸገረው በእጥረት ሳይሆን በብዛት ነው። ከተማው ዩኒቨርሲቲ ስላለው ለማስጠናት ዝግጁ የሆነ ወጣት አይታጣም። የትምህርት ቤት መምህራን ከክፍል በኋላ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ቲቶሪያል የሚሰጡ ማዕከላት በየሰፈሩ አሉ፤ ደላላው «ጎበዝ ልጅ አለልዎት» ይላል፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት፣ በቤትዎ»። ሁሉንም አስተምራለሁ ከሚል ሰው ጋር ከዋጋ በቀር የሚነጋገሩበት ነገር የለም። ስለዚህ ብዙው ሰው በዋጋ ይመርጣል፤ ከሦስት ወር በኋላም «አስጠኚ ቀጥሬለት ነበር፣ ምንም ለውጥ የለውም» ይላል።

ፍላጎቱ በዚህ መጠን የናረው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲወስዱ ከተደረገ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በቴክኒክና ሙያ በኩል ሠልጣኙ ኮሌጁን መጨረሱ ብቻ አይበቃውም፤ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ፈተና በበዛ ቁጥር አስጠኚው ይበዛል፤ ምርጫውም ይወሳሰባል።

በመጀመሪያ መመዘኛው

ለግል አስጠኚ የሚከፈለው ለገለጻ አይደለም። ገለጻ ሞልቷል፤ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ክፍል ውስጥ አለ፣ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። ገንዘብ የሚከፈለው ተማሪው በሚሳሳትበት ቅጽበት አጠገቡ ሆኖ ስህተቱን ለሚያይ ሰው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ጎበዝ ነው?» ሳይሆን «የዚህ ልጅ ስህተት የት ላይ ነው የሚታየው? እዚያ ቦታ ላይ ማን ሊገኝ ይችላል?» የሚለው ነው።

አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 እና 1/3 ሲደምር 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ማለት ነው። አንዱ አስጠኚ እስክሪብቶውን ይቀበልና «ታችኛውን መጀመሪያ አንድ ዓይነት ታደርጋለህ» ብሎ ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደብተሩ ላይ ትክክለኛ መልስ ይሰፍራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት ይመለሳል። ሌላው አስጠኚ ግን እስክሪብቶውን አይነካም። «2/5 ይበልጣል ወይስ ግማሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ አስቦ «ግማሽ ይበልጣል» ይላል። «ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ዝም ይላል። ዋጋ የሚያወጣው ያ ዝምታ ነው። ይህ ስህተት የሚታየው ደብተር ላይ ስለሆነ አስጠኚው ቤት ቢመጣ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ቢያስቀረው፣ ደብተሩ በካሜራ ቢታይም ይሠራል።

የሙያ ትምህርት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚማር ሠልጣኝ አንድ አምፖልና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ዘረጋ። ሲጫን ይበራል፣ ሲጫን ይጠፋል። በእሱ ዓይን ሥራው አልቋል። ያየው ባለሙያ ማብሪያውን አጥፍቶ አምፖሉን ይፈታና ቴስተሩን የአምፖሉ መያዣ ላይ ያስነካል፤ ቴስተሩ ይበራል። ሠልጣኙ በማብሪያው ያቋረጠው ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) ሳይሆን የመመለሻውን (ኒውትራሉን) ነው። መብራቱ ቢጠፋም መያዣው ላይ ኮረንቲ አለ፤ አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው ይያዛል። ይህን ስህተት የትኛውም ደብተር አያሳይም። ሠልጣኙ በጽሑፍ ፈተና «ማብሪያ ማጥፊያ ፌዝ ላይ ይገባል» ብሎ በትክክል መልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ተግባር ቤት የሚመጣ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ መጣል ነው፤ መሣሪያውና ሽቦው ያለበት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

ብየዳም፣ አውቶ መካኒክም፣ ልብስ ስፌትም እንደዚሁ ናቸው። ኮምፒውተርና አካውንቲንግ መሐል ላይ ይቆማሉ፤ ስህተታቸው ስክሪንና መዝገብ ላይ ይታያል፤ ኮምፒውተር ካለ ቤትም ይሆናል።

ሁለተኛው መመዘኛ ቋንቋ ነው። ለጅማ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ የጅማ ተማሪ በብዛት በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ይገባል። ቤቱ አማርኛ የሚናገር፣ መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁሉን በእንግሊዝኛ የሚፈተን ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ማግኘት የተለመደ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ አማርኛ ብቻ የሚችል፣ በሒሳብ የተካነ አስጠኚ ሲቀጠርለት ልጁ አንዱን ሐሳብ በሦስት ስም ይሸከማል። አስጠኚው የሚያብራራበትን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ የተጻፈበትን ቋንቋ ማንበብ መቻሉን ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ከከበደው ያልሠራውን ጥያቄ ልጁ በደንብ በሚሰማው ቋንቋ ይንገሩት። በዚያ ቋንቋ ከሠራው ችግሩ ፊዚክስ አይደለም፤ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ማንበብ አልቻለም። ለዚህ ልጅ የፊዚክስ አስጠኚ መቅጠር ጥርሱ ለታመመ ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው። የሚያስፈልገው የሳይንስ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አብሮት የሚያነብ ሰው ነው፤ እሱም ከፊዚክስ አስጠኚ በቀነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ጽናት ነው፤ አስጠኚው እስከ ፈተናው ይቆያል ወይ? አራተኛው የመንገድና የሰዓት ጉዳይ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከቂጦ ፉርዲሳ ተነስቶ ጅሬን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት እገኛለሁ ያለ ወጣት ዝናቡ ሲወርድ ባጃጅ አጥቶ ይቀራል። መብራት የሚጠፋበትን ምሽትም ያስቡ። አምስተኛው ደኅንነትና የጥቅም ግጭት ነው፤ ሁለቱን ከአማራጮቹ ጋር አነሳቸዋለሁ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።* በጅማ በቀላሉ የሚገኘው ይህ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምናው፣ በግብርናውና በምህንድስናው የታወቀ ስለሆነ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ጠንካራ ወጣት አይጠፋም። ራሱ ብሔራዊ ፈተናውን በቅርብ ያለፈ ስለሆነ የጥያቄውን ባሕርይ ያውቀዋል፤ ከልጁ ጋርም የዕድሜ ርቀት ስለሌለው ልጁ «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም። ዋጋውም ከመምህር ያነሰ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎበዝ ተማሪ መሆንና ስህተትን ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በጣም ጎበዙ ልጅ አንዳንዴ ሌላው ለምን እንደማይገባው ፈጽሞ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የራሱ ካላንደር አለው። የእሱ የፈተና ሳምንት ከእርስዎ ልጅ የፈተና ሳምንት ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ሴሚስተር ሲዘጋ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ሲመረቅ ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለት ዓመት የሚቀረው ተማሪ ተመራቂ ከሆነው ይመረጣል። አፋን ኦሮሞ መቻል አለመቻሉንም እዚያው ይጠይቁ፤ ከሌላ ክልል የመጣ ከሆነ ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ እንጂ በአፋን ኦሮሞ ለሚማር የ7ኛ ክፍል ልጅ አይሆንም።

*የትምህርት ቤት መምህር።* መጽሐፉን ያውቀዋል፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ተማሪ እንደሚወድቅ በየዓመቱ አይቷል፤ ስህተትን በማየት ረገድ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ከአንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ልጅ ጥሩ መምህር ከተገኘ ሌላ አልፈልግም። ችግሩ ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ስልሳ ልጅ ያስተማረ ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቤትዎ ሲደርስ የተረፈ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ቤት የያዘ ከሆነ የእርስዎ ቤት ስንተኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

የራሱ የክፍል መምህር ልጅዎን ለማስጠናት ሲጠይቅ ግን ቆም ብለው ያስቡ። መምህሩ ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ማርክ የሚሰጠው ራሱ ነው። ልጁ ማርኩ ቢወጣ ትምህርቱ ስለገባው ይሁን ወላጁ ስለከፈለ ለማንም አይታወቅም፤ ክልላዊና ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ብቻ ይገለጣል። «መምህሩ የማያስጠናው ልጅ ማርኩ ይቀንሳል» የሚል ወሬ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ከትምህርት ወጥቶ ግብር ይሆናል። የሌላ ትምህርት ቤት መምህር መፈለግ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

*የቲቶሪያል ማዕከል።* ይህ በትክክል የአንድ ለአንድ ትምህርት አይደለም፤ ሰው ግን ከእሱ ጋር እያነጻጸረ ስለሚመርጥ መግባት አለበት። ቦታው ቋሚ ነው፣ አንዱ መምህር ቢቀር ሌላ ይተካል፣ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ይወዳደራል። ብዙ የቆዩ ፈተናዎችን ማሠራት ለሚፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። መሠረቱ ለተናጋ ልጅ ግን ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ያልገባው ነገር እዚህም በዚያው ፍጥነት ያልፈዋል።

*በደላላ የሚመጣ አስጠኚ።* የሚመጣው ሰው ከላይ ካሉት አንዱ ነው፤ ልዩነቱ መሐል ላይ ሰው መኖሩ ነው። ደላላው ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ድርሻውን ይወስዳል። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ላይ አስጠኚው እየሠራ ያለው ለደላላው መሆኑ ነው፤ ልቡ ቶሎ አይገባም። ጎረቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ወይም የልጁ የክፍል ጓደኛ ወላጅ የጠቆመው ሰው ካለ ደላላ አያስፈልግም።

*በስልክና በኢንተርኔት።* ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁ የፈተና ጥያቄዎችና ቪዲዮዎች ጠቃሚ ናቸው፤ አስጠኚ ግን አይደሉም፤ ማንም ልጁን አያይም። በቪዲዮ ጥሪ የሚደረግ የአንድ ለአንድ ትምህርት ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ጠንካራ መምህር ጅማ ያለ ልጅ ሊያስጠና ይችላል። ይህ የሚሠራው ካሜራው የልጁን ፊት ሳይሆን ደብተሩን ሲያሳይ ነው። ስልኩን በመጽሐፍ ክምር ላይ አጋድሞ ወደ ደብተሩ ማዞር ይበቃል። ኔትወርኩ የሚያስቸግር ከሆነ ልጁ ሥራውን ፎቶ አንስቶ ልኮ መምህሩ በድምፅ መልእክት የሚመልስበት መንገድ ከተቆራረጠ ቪዲዮ ይሻላል። ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልመክረውም።

*የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኝ።* ለሙያ ተማሪ ሲኦሲን የሚያውቅ ሰው ዋጋ አለው። ምዘናው በሙያ ደረጃ መስፈርት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሠልጣኙ የት ላይ እንደሚጎድለው አሠልጣኙ መስፈርቱን ይዞ ሊነግረው ይችላል። የኮሌጅ ሥልጠና በዕቅድ ደረጃ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል፤ አንድ የብየዳ ማሽን በሠልጣኞች መሐል ሲዞር ግን ለአንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ትንሽ ነው። አሠልጣኙ በግል የሚሰጠው ድጋፍ ዋጋ የሚኖረው ማሽን የሚገኝበትን ቦታ ካመቻቸ ብቻ ነው። ማስታወሻ ይዞ ቤት የሚመጣ ከሆነ የጽሑፍ ፈተናውን ብቻ ያዘጋጃል፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ።

*ባለወርክሾፕ ወይም ባለጋራዥ።* ብየዳ፣ የመኪና ጥገና፣ የእንጨት ሥራና ልብስ ስፌት በእጅ የሚገቡ ሙያዎች ናቸውና ከሚሠራ ሰው አጠገብ መሆንን የሚተካከል የለም። የብየዳ ባለሙያ ሠልጣኙን የሚከታተለው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ እሳቱ በእኩል ድምፅ ሲጠበስ እጁ ትክክለኛው ርቀትና ፍጥነት ላይ እንደሆነ ያውቃል፣ ሲንጣጣ ኤሌክትሮዱ እንደራቀ ያውቃል። ሠልጣኙን አንገቱን ሳይዞር «ቀረብ አድርገው» ይለዋል። ጥሩ ሰፊም ተማሪዋ መቀስ ሳታነሳ የወሰደችውን ልኬት አይታ ብብቱ እንደሚጠብ ትነግራታለች።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። ወርክሾፕ ለሥራ እንጂ ለማስተማር የተከፈተ አይደለም። ክፍያ ከፍሎ የገባ ልጅ ወር ሙሉ ሲጠርግ፣ ሻይ ሲያመጣና ቁልፍ ሲያቀብል ይቆያል፤ «እያየህ ተማር» ይባላል። ባለሙያው ከመስፈርቱ ውጪ በራሱ ዘዴ ስለሚሠራም መዛኝ ፊት የሚያስጥል ልማድ ያወርሳል፤ መነጽር ሳያደርጉ መፍጨት፣ ቆጣሪ ሳያጠፉ ሽቦ መንካት ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ የሚከፈለው በወር ሳይሆን በሥራ ቢሆን ይሻላል። «እነዚህን አምስት ዓይነት መገጣጠሚያዎች በራሱ እጅ ይበይዳል»፣ «አንድ ቀሚስ ከልኬት እስከ ዚፕ ብቻዋን ትጨርሳለች» የሚል ውል ይያዝ። የብየዳ ጭምብልና ጓንት ከሌለበት ቦታ ልጅ አይላክም፤ በዋጋም አይደራደሩበት።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ስህተትን የማየት አቅም | የሚስማማው | ዋጋ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| የዩኒቨርሲቲ ተማሪ | እንደ ሰውየው ይለያያል | ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሳይንስና ሒሳብ፣ የመውጫ ፈተና | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ሴሚስተር ሲዘጋ ይሄዳል |
| የሌላ ትምህርት ቤት መምህር | ከፍተኛ | እስከ 8ኛ ክፍል፣ መሠረቱ የተናጋ ተማሪ | ከፍተኛ | ድካም፣ ብዙ ቤት መያዝ |
| የራሱ የክፍል መምህር | ከፍተኛ | ሌላ ሰው ካልተገኘ ብቻ | ከፍተኛ | የጥቅም ግጭት |
| የቲቶሪያል ማዕከል | ዝቅተኛ | ለፈተና ልምምድ | ዝቅተኛ | የተማሪ ብዛት |
| በቪዲዮ ጥሪ | ደብተሩ ከታየ መካከለኛ | ራሱን የሚመራ ተማሪ | መካከለኛ፣ ኢንተርኔት ሳይጨምር | ኔትወርክና መብራት |
| የኮሌጅ አሠልጣኝ | ማሽን ካለ ከፍተኛ | ለሲኦሲ ዝግጅት | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ተግባሩን በማስታወሻ መተካት |
| ባለወርክሾፕ | ተግባር ላይ ከፍተኛ | ብየዳ፣ ጥገና፣ ስፌት፣ እንጨት | በስምምነት | ጉልበት ሆኖ መቅረት፣ አደጋ |

ሒሳቡ

ዋጋ ሲነጻጸር የወሩ ድምር ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ አስጠኚ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ለማስጠናት በወር 3,000 ብር ጠየቀ እንበል። በወር 12 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ 250 ብር ይመጣል። ማዕከሉ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለአሥር ተማሪ በአንድ ላይ፣ በነፍስ ወከፍ 800 ብር አለ። 20 ሰዓት ለአሥር ሲካፈል የልጅዎ ስህተት የሚታይበት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዱ ሰዓት 400 ብር ሆነ ማለት ነው። ርካሹ ተወደደ።

ሦስት ጎረቤቶች አንድ አስጠኚ በ3,600 ብር ቢጋሩስ? እያንዳንዱ 1,200 ብር ይከፍላል፤ ከ12ቱ ሰዓት አራቱ የልጁ ናቸው፤ 300 ብር ነው። ግን እዚህ ላይ ሒሳቡ ሁሉን አይናገርም፤ የጓደኛው ስህተት ሲታረም የሚያይ ልጅም ይማራልና። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም በአስጠኚ የተማረ አማካይ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከተማሩት 98 በመቶ ያህሉን በልጦ ተገኘ ብሎ ሲጽፍ፣ ማስጠናት ያለው ለአንድ ወይም ለሁለትና ለሦስት ተማሪ በአንድ ላይ የሚሰጠውን ነው፤ በየጊዜው መፈተንና ስህተትን ማረምም የዚያው አካል ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱን አሳንሰውታል፤ ቢሆንም ጥሩ ነው። አቅሙ ለተወሰነ ቤተሰብ ተመሳሳይ ክፍልና ተመሳሳይ ድክመት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ልጆች መጋራታቸው በእኔ ግምት ከሁሉ የሚያዋጣው ነው። «ተመሳሳይ ድክመት» የሚለው ላይ ግን ይጠንክሩ፤ የ5ኛና የ8ኛ ክፍል ወንድማማች በአንድ ሰዓት ማስጠናት ሁለት ግማሽ አስጠኚ መቅጠር ነው።

የባጃጅ ወጪው ከክፍያው ውስጥ ይሁን ከላዩ አስቀድመው ይስማሙ። በቡና ለሚተዳደር ቤተሰብ ገንዘብ የሚገባው ቡናው ከተለቀመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ መስከረም ላይ በየወሩ እከፍላለሁ ብሎ ጀምሮ ጥቅምት ላይ ከማቋረጥ፣ መስከረም ላይ በሳምንት አንድ ቀን ጀምሮ ገንዘቡ ሲገባ ወደ ሦስት ቀን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ለማን የትኛው?

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ማንበብ ለከበደው ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ሳይሆን በየቀኑ አጭር ጊዜ፣ መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ የሚያስነብብ ሰው። ብዙ ጊዜ የሰፈር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይበቃል፤ ውድ መምህር አያስፈልግም።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ለሚጠብቀው፣ የሌላ ትምህርት ቤት መምህር፤ አቅም ካነሰ በጋራ። ክረምቱንም ለ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያውሉት፤ በጅማ ዝናብ ልጁ የትም አይሄድም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ መጀመሪያ በሰዓት ገደብ አንድ የቆየ ፈተና ይሥራ። ውጤቱ በሁሉም ትምህርት ዝቅ ካለ አንድ አስጠኚ ለሁሉም መቅጠር አያድንም፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ በተፈጥሮም በማኅበራዊ ሳይንስም መስክ ስለሚፈተኑ ገንዘቡን እነሱ ላይ ማሳረፍ ያዋጣል። ባዮሎጂና ታሪክ በብዛት በንባብ የሚያዙ ስለሆኑ ለእነሱ ቡድንና መጽሐፍ ይበቃሉ።

ለአካውንቲንግ ሠልጣኝ ዴቢትና ክሬዲትን በወረቀት መዝገብ ያልጨረሰን ልጅ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ላይ የሚያስቀምጥ አስጠኚ ይለፈው። ለኮምፒውተር ማውሱ በማን እጅ እንደሆነ ይዩ፤ አስጠኚው ከያዘው የሚማረው አስጠኚው ነው። ለኤሌክትሪክ፣ ለብየዳና ለጥገና ገንዘቡን ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ አብዛኛውን ለወርክሾፕ፣ ከምዘናው በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት መስፈርቱን ለሚያውቅ አሠልጣኝ።

ከመስማማት በፊት

የሙከራ ክፍለ ጊዜ ይጠይቁ፤ በነጻ መሆን የለበትም፣ የአንድ ቀን ክፍያ ይክፈሉ። ልጁ ባለፈው የወደቀበትን፣ የታረመ የፈተና ወረቀት ያቅርቡለት። አስጠኚው «ይህን እንዴት እንደሠራህ ንገረኝ» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ወዲያው ማስረዳት ከጀመረ ሌላ ሰው ይዩ፤ ዲግሪው ምንም ቢሆን። ለሙያ አሠልጣኝም ያው ነው፤ ሠልጣኙ እየሠራ እሱ እጁን ወደኋላ አድርጎ ለአሥር ደቂቃ መቆም ይችላል ወይ?

ትምህርቱ ሰው በሚያልፍበት ክፍል፣ በር ሳይዘጋ ይሁን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን እንደ ቤቱ ደንብ ይንገሩ፤ ጨዋ አስጠኚ አይከፋውም፣ የሚከፋውንም ያኔውኑ ያውቁታል። ቪዲዮ ጥሪም ቢሆን ሳሎን ውስጥ ይሁን፤ ከልጁ ጋር በግል ቴሌግራም መጻጻፍ አይኖርም፣ መልእክቱ በወላጅ ስልክ ይሂድ።

ስምምነቱ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ ቀንና ሰዓት፣ ክፍያና የሚከፈልበት ቀን፣ አስጠኚው ሲቀር እንዴት እንደሚካካስ፣ ልጁ ሲቀር ማን እንደሚከስር፣ በበዓላት ምን እንደሚሆን። በረመዳን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጾመን ልጅ ሒሳብ ማሠራት ለማንም አይበጅም፤ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ወይም ወደ ቅዳሜና እሑድ እንዲዛወር አስቀድሞ ይጻፍ። በቴሌብር መክፈል ለሁለቱም ወገን መዝገብ ይሆናል።

በስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ አስጠኚው ያላዘጋጀው ፈተና ልጁን ይፈትኑት፤ የትምህርት ቤቱ ወይም የቆየ ክልላዊ ፈተና ይሆናል። ማርኩን ብቻ አይዩ፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው የስህተት ዓይነት ዛሬም ካለ ያነጻጽሩ። ክፍልፋይ ላይ ይሳሳት የነበረ ልጅ አሁን ስህተቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ማርኩ ባይጨምርም ሥራ እየተሠራ ነው፤ ይቀጥሉ። ስህተቱ ያው ከሆነ ከአስጠኚው ጋር ደብተሩን ዘርግተው ይነጋገሩ፣ አንድ ወር ይጨምሩለት፤ ካልተለወጠ የወሩ ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ነግረው ያሰናብቱ። የልምምድ ደብተሩን ግን ያስቀሩ፤ ለሚቀጥለው አስጠኚ ከማንኛውም የሪፖርት ካርድ ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነው።